ለስላሳ ግንባር ብቻውን ምስክር አይሆንም

ግንባሩ ተሰብሮ የታከመን ሰው ሊጠይቅ የሚመጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ቆዳውን ነው። ጠባሳው ቀጭን ከሆነ፣ ግንባሩ ካልጎደጎደ፣ ሁለቱ ቅንድቦች እኩል ከተነሱ «ተመስገን ነው፣ ምንም አያስታውቅም» ይባላል፤ ሐኪሙም ይመረቃል። ምርቃቱ ይገባዋል። ይሁን እንጂ የግንባር ሳይነስ ስብራት በደንብ መታከሙ የሚለየው ከውጭ በማይታይ ቦታ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚለየው ቤተሰቡ አደጋውን ከረሳ ከዓመታት በኋላ ነው። ያማረ ግንባር ይዞ ከሆስፒታል የወጣ ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ አንድ ዓይኑ ወደ ታች ተገፍቶ ወይም ማጅራት ገትር ይዞት ሊመለስ ይችላል። ትንሽ የጎደጎደ ግንባር ኖሮት ደግሞ አንዳች ሳይሆን ዕድሜውን የሚጨርስ አለ። ታዲያ ይህን ሥራ በምን እንመዝነው?

መልሴ አጭር ነው፤ መውረጃውን ተመልከቱ። ለምን እንደሆነ ለማየት ግን ስለ ቦታው ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል።

የግንባር ሳይነስ ከቅንድብ በላይ በግንባር አጥንት ውስጥ ያለ የአየር ክፍል ነው። ሕፃን ሲወለድ የለውም፤ በስድስትና በስምንት ዓመት መካከል በራጅ መታየት ይጀምርና በአሥራዎቹ ዕድሜ ማብቂያ ላይ ሙሉ መጠኑን ይይዛል። ግራና ቀኙ እኩል የሚሆንለት ሰው ጥቂት ነው፤ አንዱ ወገን ጨርሶ የሌለውም አለ። ፊተኛው ግድግዳ ወፍራም ነው፤ ከ2 እስከ 12 ሚሊሜትር ይደርሳል። ኋለኛው ግድግዳ ስስ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ከ1 ሚሊሜትር ያንሳል። ከእሱ ጀርባ ዱራ የሚባለው ጠንካራ የአንጎል ሽፋን፣ ከዱራው ቀጥሎ ራሱ አንጎል አለ። ወለሉ ደግሞ ለዓይን ጉድጓድ ጣሪያ ነው። የክፍሉ ውስጥ በሙሉ ንፍጥ በሚያመነጭ ስስ ሽፋን ተለብጧል። ንፍጡ በወለሉ ላይ፣ ወደ ኋላና ወደ መሐል ባለው ጥግ በምትገኝ ጠባብ መውረጃ አልፎ አፍንጫ ውስጥ ይገባል።

ጉዳዩ ሁሉ ያለው እዚህች መውረጃ ላይ ነው። ሽፋኑ በሕይወት እስካለ ድረስ ንፍጥ ማመንጨቱን አያቆምም፤ መውረጃው ከተዘጋ ንፍጡ መሄጃ ያጣል። ቀስ በቀስ ተጠራቅሞ ሙኮሲል የሚባል ቋጠሮ ይሆናል። ቋጠሮው አጥንቱን እየገፋና እያሳሳ ወደ ዓይን ወይም ወደ አንጎል ያድጋል፤ ኢንፌክሽን ሲገባበት መግል ይሆናል። መውረጃውን ሳያዩ ግንባሩን አሳምሮ ማስረከብ የፍሳሽ ቱቦው የተደፈነ ቤት ግድግዳውን ቀለም ቀብቶ እንደማስረከብ ነው። ስለዚህ ጥሩ ውጤት ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ክፍሉ በሕይወት ይኖራል፣ መውረጃውም ይሠራል፤ ወይ ክፍሉ ክፍል መሆኑ ይቀራል፣ ሽፋኑም አንዲት ቁራጭ ሳትቀር ይወጣል። ከሁለቱ መካከል የቀረ ሥራ ሁሉ፣ ከውጭ ምንም ቢያምር፣ መጥፎ ሥራ ነው።

የጥሩ ሐኪም ምልክት ግን ከዚህም ቀድሞ ይታያል። የግንባሩ ፊተኛ ግድግዳ ከፊት አጥንቶች ሁሉ ጠንካራው ነው። አሜሪካዊው አለን ናሁም በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የፊት አጥንቶች ምን ያህል ምት እንደሚችሉ ሲለካ፣ ግንባርን ለመስበር ከ360 ኪሎ ግራም ክብደት በላይ የሚመጣጠን ኃይል እንደሚያስፈልግ አገኘ። የመኪና ግጭት፣ ከሞተር ሳይክል መፈናጠር፣ ከግንባታ መወጣጫ ላይ መውደቅ፣ በዱላ ወይም በድንጋይ መመታት፣ የፈረስ ርግጫ ይህን ኃይል ያመጣሉ። ግንባሩን የሰበረ ኃይል ደግሞ አንገትንም፣ አንጎልንም፣ ዓይንንም አይምርም። ስለዚህ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ቁስሉን ለመስፋት የሚቸኩለውን ሳይሆን መጀመሪያ መተንፈሻውን፣ አንገቱን፣ የንቃቱን ደረጃ የሚያየውን አመስግኑ። የዐይን ሽፋኑ አብጦ ከመዘጋቱ በፊት «ይህ ስንት ጣት ነው?» ብሎ ሁለቱንም ዓይን ለየብቻ የሚፈትን ሐኪም ሥራውን ያውቃል። በኋላ ዓይኑ ታውሮ ቢገኝ፣ በአደጋው ይሁን በቀዶ ጥገናው መለየት የሚቻለው ይህ ፈተና ተደርጎ ካርዱ ላይ ከተጻፈ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ከአፍንጫ የሚወርደው ፈሳሽ ይጠየቃል። አደጋ የደረሰበት ሰው አፍንጫው ቢደማ አያስገርምም። ግን ጎንበስ ሲል እንደ ውሃ የጠራ ነገር የሚንጠባጠብ ከሆነ፣ ጉሮሮው ውስጥ ጨው ጨው የሚል ነገር ከተሰማው፣ ይህ ከአንጎል ዙሪያ የሚፈስ ውሃ ሊሆን ይችላል። ፈሳሹን በፋሻ ላይ አንጠባጥቦ ቀለበት ሠራ አልሠራም ማለት የቆየ ልማድ ነው፤ እምነት ግን አይጣልበትም። የሚታመነው ቤታ-2 ትራንስፈሪን የሚባለውን ፕሮቲን የሚፈልገው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። ምርመራው በማይገኝበት ቦታ ጥሩ ሐኪም በጥርጣሬው ይጸናል፤ ሕመምተኛውን ጎንበስ እያደረገ ደጋግሞ ያያል፤ ሲቲ ስካኑን ከፈሳሹ ጋር ያመዛዝናል። ከአደጋ በኋላ የሚመጣ ፍሳሽ ብዙውን ጊዜ ራስን ከፍ አድርጎ በመተኛትና በዕረፍት በሳምንት ገደማ ውስጥ ራሱ ይቆማል። አልቆም ያለው ነው ቀዶ ጥገና የሚጠይቀው።

አሁን ወደ ሲቲ ስካኑ እንምጣ፤ ጥሩ ሥራና መጥፎ ሥራ በብዛት የሚለያዩት ቢላ ከመነሳቱ በፊት እዚህ ነውና።

ተራ የራስ ቅል ራጅ ለዚህ ስብራት አይበቃም። የሚያስፈልገው በ1 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ ባነሰ ውፍረት የተቆራረጠ ሲቲ ስካን ነው፤ እሱም ከላይ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ከፊት ወደ ኋላና ከጎን የሚታይ ሆኖ መዘጋጀት አለበት። ከጎን የሚታየውን ምስል የሚጠይቅ ሐኪም ሲያጋጥመኝ ልቤ ይረጋል፤ መውረጃዋ በደንብ የምትታየው በእሱ ላይ ነውና። አብዛኛው ሰው ፊልሙን ሲያይ ዓይኑ በተሰበረው ፊተኛ ግድግዳ ላይ ይቀራል፤ የአጥንቱ ስብርባሪ ያስደነግጣል። የለመደ ዓይን ግን ፊተኛውን ግድግዳ በጨረፍታ አይቶ ያልፍና ወደ ወለሉ ይወርዳል። ወለሉ ተሰንጥቋል? በመውረጃዋ አፍ ላይ የአጥንት ስባሪ ተሰንቅሯል? ስብራቱ ወደ አፍንጫ ሥርና ወደ ዓይን ውስጠኛ ማዕዘን ዘልቋል? ከእነዚህ አንዱ ካለ መውረጃዋ ተጎድታለች ብሎ መጠርጠር ግድ ነው።

ይህ የምርጫ ጉዳይ አይደለም። በባልቲሞር የሚገኘው ትልቁ የአደጋ ሕክምና ማዕከል ከ1979 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ያከማቸውን የ857 ሕመምተኞች ታሪክ ኤድዋርዶ ሮድሪጌዝና ባልደረቦቹ መርምረው በ2008 አሳትመዋል። ውስብስብ ችግር የገጠማቸው ሰዎች፣ ከአንድ በስተቀር፣ ሁሉም መውረጃቸው የተጎዳ ነበር። ይህን ጥናት ያነበበ ሐኪም ሪፖርቱን ሲጽፍ «ፊተኛው ግድግዳ ተሰብሯል» ብሎ አያቆምም፤ ስለ ኋለኛው ግድግዳና ስለ መውረጃዋ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምራል። ስለ መውረጃዋ አንዳች የማይናገር ሪፖርት ያልተጠናቀቀ ሪፖርት ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት ከደረሳችሁ «ዶክተር፣ መውረጃው እንዴት ነው?» ብላችሁ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ኋለኛውን ግድግዳ በሚመለከት አንድ የቆየ ሕግ አለ፤ አጥንቱ ከራሱ ውፍረት በላይ ወደ ኋላ ከተገፋ መክፈት ያስፈልጋል የሚል። ዛሬ ሕጉ እንደ ድሮው በጭፍን አይከበርም። ትንሽ የተገፋ፣ ፈሳሽ የማያፈስ፣ አንጎል ያልነካ ስብራት በክትትል ብቻ ሊታለፍ እንደሚችል ብዙዎች ተቀብለዋል። የእጅ ብልኅነት ከሚፈተንበት ይልቅ የፍርድ ብልኅነት የሚፈተንበት ቦታ ይህ ነው።

ከፍርድ ሁሉ ከባዱ ደግሞ አለመንካት ነው። ፊተኛው ግድግዳ ተሰንጥቆ ቦታውን ካልለቀቀ፣ መውረጃዋም ደህና ከሆነች፣ ቀዶ ጥገና አያስፈልግም። ይህን ለቤተሰብ ማስረዳት ግን ከባድ ነው፤ «አጥንቱ ተሰብሮ እያለ ዝም ብሎ ሂድ ይባላል?» ይላሉ። ጥቂት ሚሊሜትር የገባ ግንባርም ቢሆን መጀመሪያ ላይ አያሳስብ፤ እብጠቱ ሳይጎድል ጉድጓዱ ይታይ አይታይ ማንም አያውቅም። እብጠቱ ሲወርድ ቆዳውና ጡንቻው ብዙውን ይሸፍነዋል። ከወራት በኋላ ጉድለቱ ቢታይ እንኳ በጸጉር ውስጥ በትንሽ ቅድ፣ ኢንዶስኮፕ በሚባል ቀጭን ማያ መሣሪያ ገብቶ ጎድጓዳውን በሚሞላ ነገር ማስተካከል ይቻላል። ስለዚህ ሕመምተኛውን ከጆሮ እስከ ጆሮ ከመክፈት በፊት ያመነታውን ሐኪም ፈሪ አትበሉት።

የዚህ ትዕግሥት ታሪክ አጭር ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ፣ መውረጃው ተጎድቷል ተብሎ የተጠረጠረ ሳይነስ ሁሉ ይከፈትና ይደፈን ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በኋላ ቢዘጋ በአፍንጫ በኩል ገብቶ የሚከፍተው መሣሪያ አልነበረም። ኢንዶስኮፕ ሲመጣ ሚዛኑ ተለወጠ። በ2002 እ.ኤ.አ. ቲሞቲ ስሚዝና ባልደረቦቹ፣ ቁጥራቸው ጥቂት በሆኑ ሕመምተኞች ላይ፣ ፊተኛውን ግድግዳ ብቻ ጠግነው መውረጃዋን ሳይነኩ በሲቲ ስካን መከታተል እንደሚቻል አሳዩ። የአብዛኞቹ ሳይነስ በራሱ ጊዜ አየር ማግኘት ጀመረ፤ ያልከፈተላቸው በኢንዶስኮፕ ተከፈተላቸው። ከዚያ ወዲህ ሳይነሱን በሕይወት ማቆየት የመጀመሪያው ምርጫ እየሆነ መጥቷል፤ እኔም በሙሉ ልቤ ከዚህ ወገን ነኝ። ግን አንድ ነገር ልብ ይሏል። አለመንካት ሥራ የሚሆነው ክትትል ካለው ነው። ቀጠሮ ሳይሰጥ፣ ሲቲ ስካኑ መቼ እንደሚደገም ሳይነገር፣ «ደህና ነህ፣ ሂድ» የተባለ ሰው አልታከመም፤ ተረስቷል። ዳግመኛ ለመምጣት መንገዱ የሚርቅበት፣ ኢንዶስኮፕም የማይገኝበት ቦታ የሚኖር ሰው ሲሆን ደግሞ ሐኪሙ ይህንን በፍርዱ ውስጥ ማስገባት አለበት። የሰሜን አሜሪካ መጽሐፍ የሚመክረው ሁሉ ከአዲስ አበባ ሦስት ቀን መንገድ ለሚርቅ ገበሬ አይሠራም።

ፊተኛው ግድግዳ ብዙ ገብቶ መጠገን ሲኖርበት፣ ጊዜው ከአደጋው በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ገደማ ውስጥ ቢሆን ይመረጣል፤ ከዚያ በኋላ ስባሪዎቹ መጣበቅ ስለሚጀምሩ ማንሳቱ ይከብዳል። እዚህ ላይ ዓይን ሊያየው የሚችለው ብዙ ነገር አለ። መጀመሪያ ቅዱ። ግንባሩ ላይ ሰፊ ቁስል ካለ በእሱ በኩል መግባት ተገቢ ነው። ከሌለ ግን የተለመደው መንገድ ከአንዱ ጆሮ በላይ ተነስቶ በጸጉር ውስጥ አልፎ እስከ ሌላው ጆሮ የሚሄደው ረጅም ቅድ ነው። በዚህ ቅድ ውስጥ የባለሙያ እጅ በዝርዝሩ ይታያል። ቀጥ ብሎ የተቀደደ መስመር ጸጉር ሲረጥብ ይከፈልና ጠባሳውን ያጋልጣል፤ ጠመዝማዛ ሆኖ የተቀደደው ግን በጸጉሩ ውስጥ ይደበቃል። ጸጉሩ ወደ ኋላ እየሸሸ ያለ ወንድ ከሆነ ቅዱ ወደ ኋላ ተወስዷል ወይ? በሁለቱ ቅንድቦች ላይ ተነስቶ በአፍንጫ ሥር የሚገናኘው አጭር ቅድ ለሐኪሙ ይቀላል፤ ጠባሳው ግን ፊት ላይ ዕድሜ ልክ ይኖራል። ሌላ መንገድ እያለ ይህን የመረጠ እጅ ስለ ሕመምተኛው ብዙ አላሰበም።

ሁለተኛው ፈተና ቀላል ነው፤ ሕመምተኛው ቅንድቡን ያንሳ። በጆሮና በቅንድብ መካከል የሚያልፈው የፊት ነርቭ ቅርንጫፍ ቆዳው ሲገለበጥ ከተጎዳ የዚያ ወገን ቅንድብ አይነሳም። ልምድ ያለው ሐኪም የት ንብርብር ውስጥ እንደሚሄድ ስለሚያውቅ ነርቩን ሳይነካ ያልፋል። የራስ ቆዳ ለወራት መደንዘዙ ግን የተጠበቀ ነው፤ አስቀድሞ ካልተነገረ ሕመምተኛውን ያስጨንቃል።

ሦስተኛው ነገር ከውጭ አይታይም፤ ግን ከሁሉ ይበልጥ እወደዋለሁ። የራስ ቅሉን አጥንት የሚሸፍን ፔሪክራኒየም የሚባል ስስ ሥጋ አለ። አንዳንዱ ወደ ውስጥ ሲገባ ሳያስበው ይቀደዋል። አስተዋዩ ግን ገና ሲከፍት አጥንቱ ላይ ተኝቶ እንዲቀር ያደርገዋል፤ በኋላ ዱራውን ለመሸፈን ወይም ወለሉን ለመድፈን ቢፈለግ ደም የሚያገኝ ሕያው መሸፈኛ ሆኖ ይገለጣልና። ምናልባት አያስፈልግም ይሆናል። ግን ላላስፈለገው ነገር የተጠነቀቀ እጅ ለሚያስፈልገው ነገር እንደሚጠነቀቅ እርግጠኛ ነኝ። ስባሪዎቹም እንዲሁ፤ በቅደም ተከተላቸው ተሰድረው፣ በጨው ውሃ በራሰ ጨርቅ ላይ ተቀምጠው፣ ከሥራቸው ያለው ሽፋን ተጠርጎ ሲመለሱ በቀጫጭን የቲታኒየም ፕሌትና ስክሩ ይያዛሉ። ፕሌቱ በቆዳ ሥር በጣት የሚዳሰስ ከሆነ ከልክ በላይ ወፍራም ነበር ማለት ነው።

መድፈን ከሁሉ ከባዱ ፈተና ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር።

በ1898 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ሐኪም ሪደል የታመመውን ሳይነስ ፊተኛ ግድግዳውንና ወለሉን ጭምር ቆርጦ ያወጣ ነበር። በሽታውን ያድናል፤ ግንባሩን ግን አጎድጉዶ ያበላሻል። ኪሊያን ከጥቂት ዓመታት በኋላ የቅንድቡን አጥንት ድልድይ አስቀርቶ ጉዳቱን ለመቀነስ ሞከረ። በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ላይ የቦስተኖቹ ጉዴልና ሞንትጎመሪ ፊተኛውን ግድግዳ እንደ ክዳን ከፍተው፣ ውስጡን ጠርገው፣ ከሆድ በወሰዱት ስብ ሞልተው ክዳኑን መለሱት። ግንባሩ መልኩን ሳያጣ ክፍሉ ጠፋ። ዘዴው ለአሥርተ ዓመታት ነገሠ።

የዘዴው ጥራት ግን በስቡ አይደለም፤ በጠረጋው ነው። ሽፋኑ በጥፍር ተነስቶ እንደሚወጣ ልጣጭ አይደለም። በኋለኛው ግድግዳ ላይ የብሬሼ ቀዳዳዎች የሚባሉ ጥቃቅን የደም ሥር ጉድጓዶች አሉ፤ ሽፋኑ ወደ እነሱ ውስጥ ዘልቆ ይገባል። በፒንሳ የሚታየውን ነቅሎ የጨረሰ ሰው ያልታየውን ትቶ ወጥቷል። ስለዚህ ሽፋኑ ከወጣ በኋላ የአጥንቱ ገጽ ራሱ የአልማዝ ጫፍ ባለው ድሪል፣ በማጉያ እየታየ፣ በስሱ መፋቅ አለበት። ጥጎቹ ሁሉ፣ በተለይም ከዓይን ጉድጓድ በላይ ወደ ጎን የሚሄዱት ጠባብ ጥጎች፣ መድረስ አለባቸው። ጥጉ ዘንድ ካልተደረሰ መድፈኑ ባይጀመር ይሻል ነበር። ከዚያ የመውረጃዋ ሽፋን ወደ ታች ይገለበጥና አፏ በአጥንት ቁራጭ፣ በጡንቻ ወይም ፋሻ በሚመስለው ጠንካራ የጡንቻ ሽፋን ይዘጋል። ሁለቱም ነገር ከተሟላ፣ ማለትም ሽፋኑ ሁሉ ወጥቶ መውረጃዋ በደንብ ከተዘጋች፣ በስብ ተሞላ፣ በፔሪክራኒየም ተሞላ፣ በአጥንት ተሞላ፣ ለእኔ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ሰው ሠራሽ ሲሚንቶ ግን ከአፍንጫ ጋር መገናኛ በቀረበት ቦታ ላይ ኢንፌክሽን ይጠራል፤ ምቾቱን አይቶ ወደ እሱ የሚሮጥ እጅ አያስተማምነኝም።

ግማሽ መድፈን ከሥራዎች ሁሉ የከፋው ነው። መውረጃዋ ተዘግታ ጥቂት ሽፋን ውስጥ ከቀረ፣ አደጋው ያልሠራውን ሙኮሲል ሐኪሙ በእጁ ሠራው ማለት ነው። ከዚህም በላይ የተደፈነ ሳይነስ ለክትትል ያስቸግራል፤ በሲቲ ስካን ላይ ስቡና ጠባሳው ከሙኮሲል ጋር ስለሚምታቱ ብዙ ጊዜ ኤምአርአይ ያስፈልጋል። ወደ መድፈን የማልቸኩልበት ምክንያት ይኸው ነው። ያለ አማራጭ ካልሆነ ባይደፈን እመርጣለሁ፤ ከተደፈነ ግን ሰዓቱ ምንም ቢረዝም ጠረጋው ይጠናቀቅ።

ኋለኛው ግድግዳ ድቅቅ ብሎ ዱራው ተቀዶ ከሆነ ወይም የአንጎል ውሃ መፍሰሱን አልተው ካለ ሌላ መንገድ ይመጣል፤ ክራንያላይዜሽን ይባላል። ዶናልድና በርንስታይን በ1978 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ዘዴ ነው። ኋለኛው ግድግዳ ፈጽሞ ይወገዳል፤ ሳይነስ የነበረው ቦታ የአንጎል ክፍል አካል ይሆናል፤ አንጎሉም ቀስ በቀስ ወደ ፊት መጥቶ ክፍተቱን ይሞላዋል። እዚህም ሽፋኑ አንዳች ሳይቀር ይጠረጋል፤ መውረጃዎቹ ይዘጋሉ፤ ዱራው ውሃ እንዳያሳልፍ ይሰፋል። በመጨረሻ ያ ቀድሞ የተጠበቀው ፔሪክራኒየም ከፊት ተገልብጦ በአፍንጫና በአንጎል መካከል ይነጠፋል። የአጥንቱ ክዳን ሲመለስ ሥሩን ቆንጥጦ ደሙን እንዳያቋርጥበት ክፍተት ይተዋል። ይህችን ክፍተት የረሳ እጅ የደከመበትን ሁሉ በመጨረሻው ደቂቃ ሊያበላሸው ይችላል።

ይህ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። የነርቭ ቀዶ ሐኪሙ ዱራውን ያውቃል፤ የአንገት በላይ ሐኪሙ መውረጃዋንና አፍንጫውን ያውቃል፤ የፊትና መንጋጋ ሐኪሙ የግንባሩን ቅርጽና የዓይን ጉድጓዱን ያውቃል። በአገራችን የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በጥቁር አንበሳ፣ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የተጀመረው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት ይህን ሥራ የሚሠራ እጅ በጣት ይቆጠር ነበር። ዛሬ እጁ ጨምሯል። ሁለትና ሦስት ክፍሎች ፊልሙን በአንድ ላይ ሰቅለው የተወያዩበት ሕመምተኛ ዕድለኛ ነው። ራስ ውስጥ የገባው አንዱ ክፍል ብቻ ሲሆን፣ ዱራው በደንብ ተሰፍቶ ሽፋኑ ግን ሳይጠረግ ይቀራል፤ ወይም ግንባሩ አምሮ ፍሳሹ ይቀጥላል። ስለዚህ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሪፈር የጻፈ የወረዳ ሐኪም አልሸሸም፤ ከሠራቸው ሥራዎች ሁሉ ምናልባት ትልቁን ሠርቷል።

ስለ ልጆች ባጭሩ፤ ሳይነሳቸው ገና ትንሽ ስለሆነ ምቱ በቀጥታ ወደ ራስ ቅልና ወደ አንጎል ይደርሳል። በልጅ ግንባር ላይ የአዋቂን ሕግ መጫን ስህተት ነው።

የመጨረሻው ዳኛ ጊዜ ነው። ሙኮሲል ከወራትም ከአሥርተ ዓመታትም በኋላ ሊመጣ ይችላል። በ18ኛው መቶ ዘመን የለንደኑ ቀዶ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት ጭንቅላታቸውን በተመቱ ሰዎች ላይ ስለሚታይ ለስላሳ የግንባር እብጠት ጽፎ ነበር፤ ከሥሩ የተመረዘ አጥንትና መግል አለ፤ እስከ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ስለዚህ ግንባሩ ታክሞ የነበረ ሰው ለስላሳ እብጠት ካየ፣ ዓይኑ ወደ ታች ወይም ወደ ውጭ ከተገፋ፣ ነገሮች ሁለት ሆነው ከታዩት፣ ቀን ከቀን የሚጨምር የግንባር ራስ ምታት ከያዘው «ሳይነስ ነው፣ ያልፋል» ብሎ አይተኛ። ትኩሳትና የአንገት መገተር ከመጣ ወይም የጠራ ውሃ ከአፍንጫው መፍሰስ ከጀመረ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ፤ ማጅራት ገትር ቀጠሮ አይጠብቅም። ከአደጋው በኋላ ባሉት ሳምንታት ደግሞ አፍንጫ መናፈጥ ክልክል ነው፤ ማስነጠስ ሲመጣ አፍን ከፍቶ ማስነጠስ ነው። አየር በስብራቱ አልፎ ወደ አንጎል አካባቢ እንዳይገባ።

አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ራሳችሁም ሆነ ዘመዳችሁ በዚህ ስብራት ከታከማችሁ፣ ከሆስፒታል ስትወጡ የቀዶ ጥገናውን ማስታወሻ ቅጂ ጠይቁ። ወረቀቱ ላይ ሳይነሱ እንዳለ ተትቷል፣ ተደፍኗል ወይስ ክራንያላይዝ ተደርጓል የሚለው በግልጽ ይጻፍ፤ በምን እንደተደፈነ፣ መውረጃዋም ምን እንደተደረገች ይጻፍ። በጅዳ፣ በቤይሩት ወይም በዱባይ ተጎድተው እዚያው ታክመው ወደ አገር የሚመለሱ ብዙ ወገኖች አሉ፤ ከሻንጣቸው ጋር ይህን ወረቀትና የሲቲ ስካኑን ሲዲ ይያዙ። ከአሥር ዓመት በኋላ የሚያያችሁ ሐኪም ግንባራችሁን ቢዳስስ ውስጡ ምን እንዳለ አያውቅም። በወረቀቱ ግን ያውቃል። የመጀመሪያውን ፊልምም አትጣሉ።